ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ

ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ልጆችን ግድግዳ ላይ ስታስል ለኖረች ሴት የግድግዳ ሰዓት! ማን እንዳሰበው እንጃ፤ ተንኮል ከሆነም የሚጣፍጥ ተንኮል ነው። ቤቴ ውስጥ ግን ሥዕል ያልያዘው ባዶ ቦታ አጣሁለትና እስካሁን ብፌው ላይ በጀርባው ተጋድሞ ጣራ ጣራውን እያየ ይቆጥራል። የጎረቤት ሰው ሲመጣ «ዘነበች፣ ሰዓትሽ ታሞ ነው እንዴ የተኛው?» ይለኛል።

ዘነበች ነኝ፤ ጂንካ ተወልጄ ጂንካ ያረጀሁ የሥዕል አስተማሪ። አባቴ ከመንዝ መጥቶ እዚሁ ሲነግድ የቀረ ሰው ነበር። ከእሱ የወረስኩት ቤትና ምላስ ነው። ምላሴ እንደማያርፍ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ትንሽ ቆይቼ ለምነግራችሁ ጥፋት ሥሩ እሱ ስለሆነ ነው።

የተመረቅሁት ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው። ያኔ የሥዕል አስተማሪ ማለት ጂምናስቲክም ሙዚቃም እርሻም የሚጫንበት ሰው ማለት ነበር። የመጀመሪያ ምደባዬ ቦዲዎች አገር ያለችው ሃና ሆነችና እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድኩ። ደብተር የለም፣ እርሳስ የለም፣ ጠመኔም ቢሆን ተቆርሶ ነው የሚታደለው። ልጆቹን ውጪ አስቀምጬ እንጨት አስይዤ አሸዋ ላይ አስላቸው ጀመር። የመጀመሪያው ቀን «ላም ሳሉ» ብዬ አዘዝኩ። ማንም አልጀመረም። አንዱ የቦዲ ልጅ እጁን አውጥቶ «የትኛዋን?» አለኝ። ማንኛዋንም ብዬ ስመልስለት ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለካ እነሱ ዘንድ «ማንኛዋም ላም» የምትባል ከብት የለችም። ላም ቀለም አላት፣ ነጠብጣብ አላት፣ የነጠብጣቧ ቦታ ስም አለው። ያን ቀን ያስተማርኩት የለም፤ የላም መልክ ስም ስቆጥር ዋልኩ። እኔ ነኝ የተማርኩት።

ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ ጂንካ ተዛወርኩ። የትምህርት ቤታችን ግንብ ላይ ያለፈው መንግሥት መፈክር ገና አልጠፋም ነበር። ኖራ ይቀቡታል፣ ዝናብ ሲመጣ ቀዩ ፊደል እንደገና ያፈተልካል። ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝና የሥዕል አስተማሪ ነሽ፣ አጥፊው አሉኝ። መሣል እንጂ ማጥፋት ማን አስተምሮኝ! የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ተሰማ ላከኝ።

ጋሽ ተሰማ የከተማው ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የፀጉር ቤቱን ሰውዬ፣ የሆቴሉን አንበሳ የሳሉት እሳቸው ናቸው። አንበሳው እውነቱን ለመናገር ጎፈር ያበቀለ ድመት ነበር፤ ይህን ስላቸው «ድመትም ብትሆን የሆቴሉን አይጥ ትጠብቃለች» ብለው ዝም ያሰኙኛል። ፊደላቸው ግን ጉድ ነው። ክር ከሰል ውስጥ ነክረው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው፣ በጣታቸው አንዴ ሳብ አድርገው ሲለቁት ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል። በዚያ ላይ «ሀ»ን ሲያስቀምጧት ንቅንቅ አትልም። ለካ መፈክሩንም የጻፉት እሳቸው ኖረዋል። «የጻፍኩትን ራሴ ላጥፋው» ብለው መጡ። ቀይ ቀለም በኖራ አይሸነፍም አሉኝ። መጀመሪያ ቀጭን ጭቃ መረግን፣ ጭቃው ቀዩን ጠጣው፣ ሲደርቅ ኖራውን ሁለት ጊዜ ደረብንበት። ከዚያ ወዲያ አንድም ፊደል ብቅ አላለም።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ እሳቸው ሆነ። አንድ ጊዜ አልዱባ ወደሚባለው የበናዎች ገበያ የወፍጮ ቤት ስም ሊጽፉ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ስንደርስ ቀለሙን አልከፈቱም። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው ተቀመጡ። የገበያ ቀን ስለነበር እህል ልታስፈጭ የመጣች ሴት ሁሉ ወረፋ ስትጠብቅ ግድግዳውን ትደገፋለች። እኔ በልቤ ሽማግሌው ሰነፉ እያልኩ ነው። ወደ አመሻሽ ላይ ተነሥተው «ነይ እዪ» አሉኝ። የበና ሴቶች ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ነው የሚቀቡት። ራሳቸውን ባስጠጉበት ቁመት ላይ አንድ ቀይ መቀነት ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ነጭ ብንቀባው በሳምንቱ ቆሽሾ ይጠብቀን ነበር። ጋሽ ተሰማ በማግሥቱ ያንኑ መቀነት በቀይ አፈር ቀለም ሰፋ አድርገው ቀቡትና የወፍጮ ቤቱን ስም ከበላዩ ጻፉ። «ግድግዳ ሁለት ባለቤት አለው፤ የሠራውና የሚደገፈው» አሉኝ።

አንድ ሌላ ነገር ነበራቸው፤ እጅ ያውቃሉ። ከተማው ውስጥ ብሩሽ የያዘን ሰው ሁሉ በመስመሩ ይለዩታል። ይሄ ግራኝ ነው፣ ይሄ ቀለሙን ያቀጥናል፣ ይሄ ሲጽፍ ትንፋሹን ይይዛል ይሉኛል። እኔም በጉጉት ተማርኩት። ነገር ግን የተበላሸ ታፔላ ባለቤት ተናዶ መጥቶ ይህን የሠራብኝ ማነው ሲላቸው «አላውቅም» ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ለምን ይዋሻሉ አልኳቸው። እጅ ማወቅ ሌላ፣ ሰው መጠቆም ሌላ ነው፤ የእጁ ባለቤት ራሱ የኔ ነው ሲል ብቻ ነው እጅ ስም የሚያወጣው አሉ። ይህኛውን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

እንግዲህ ማርታን ላስተዋውቃችሁ። ከጂንካ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ካለ የአሪ መንደር እየተመላለሰች የምትማር የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከኋላ የምትቀመጥ። ሌላው ልጅ ሰው ሲስል ከራስ ይጀምርና ለእግሩ ቦታ አጥሮት ቁርጭምጭሚት ላይ ወረቀቱ ያልቅበታል። ማርታ ከጫማ ትጀምራለች። ከጫማ ተነሥታ ሽቅብ ትወጣና ራሱ ጋ ስትደርስ ሰውዬው ቆሞ ያያችኋል። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ እጅ አላጋጠመኝም ነበር። እወዳት ነበር ብል አላጋነንኩም።

አንድ ቀን ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ እንዳለቀ ግርግር ሰማን። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ በከሰል ርዕሰ መምህሩ ተስለዋል። ልምጭ ይዘዋል፣ አፋቸው እንደ ዋሻ ተከፍቷል፣ ምላሳቸው ወጥቶ እንደ ዳስ ተዘርግቷል፣ ከምላሱ ሥር ደግሞ ተማሪው በሙሉ ተሰልፎ ጥላ ይዟል። መምህራኑ ከንፈራችንን ነክሰን ቆመናል፤ ሳቅ ሊገድለን ነው። ርዕሰ መምህሩ ፊታቸው ጠቁሮ ይሄ የማን ሥራ ነው አሉ።

እኔ ጎንበስ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ከሰል ሲጀመር ይወፍራል፣ እየሄደ ይሳሳል። ጫማው ላይ ወፍሮ ራሱ ላይ ሳስቷል። ደስ አለኝ፤ የጋሽ ተሰማ ትምህርት የገባኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ በሰው ሁሉ ፊት «ከጫማ የተጀመረ ነው። ከጫማ የምትጀምር ማርታ ብቻ ናት» አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ አመሰገኑኝ። ማርታን ደግሞ ለአንድ ዓመት ከትምህርት አገዷት። ቢሯቸው ገብቼ ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ እኔን ቅጡኝ አልኩ፤ ወይ ፍንክች! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ በር ስትወጣ ወደ እኔ አየች። ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ ነበር። ግራ የተጋባ አስተያየት ነው ያየችኝ።

ጋሽ ተሰማ ጋ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። ቀለም እያማሰሉ ነበር፤ ማማሰላቸውን አላቆሙም። በመጨረሻ «ማንበብ አስተማርኩሽ። ዝም ማለትም ያስተማርኩሽ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ዓመቱ አልፎ ማርታ ተመለሰች። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። የሥዕል ወረቀት ስሰጣት ስሟን በሥርዓት ትጽፍበታለች፣ ክፍሏን ትጽፍበታለች፣ ከዚያ ባዶውን ትመልስልኛለች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። ዜሮ መስጠት አልቻልኩም፤ ባዶ ወረቀቱን ቤቴ እየወሰድኩ አስቀምጠው ጀመር። ያቺ እጅ በእኔ ምክንያት ከተዘጋች ምን አስተማሪ እባላለሁ? ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ ነገር በሥራ ዘመኔ የለም።

አንድ ቅዳሜ ተነሥቼ መንደሯ ሄድኩ። እናቷ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብለው የቤቱን ግድግዳ ይቀባሉ። አጠገባቸው ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈር፣ አመድ፣ የተፈጨ ከሰል በገል በገል ተበጥብጦ ተቀምጧል። ብሩሽ የለም፤ በጣታቸው ነው። ጣታቸውን ይነክሩና ከመሬቱ ጀምረው፣ ከመስመሩ ጋር እየተነሡ፣ እጃቸው እስከደረሰበት ይወጣሉ። ቆሜ ቀረሁ። ከጫማ የሚጀምረው እጅ የት እንደተማረ ያኔ ገባኝ። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ግድግዳ የሚያቆሽሽን ልጅ ስቆጣ፣ የልጆቹ እናቶች ለካ በየዓመቱ ግድግዳ ላይ ነው የሚያስተምሯቸው።

እናትየው አማርኛቸው አጭር ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ እጄን ይዘው ገልብጠው አዩትና «እጅ ደረቅ ነው። ጭቃ ንኪ» አሉኝ። ነከርኩ። ከላይ ወደ ታች ብስብ መስመሬ እየተንጠባጠበ ወረደ። ሳቁብኝ፤ በመዳፋቸው አብሰው አጠፉትና ወደ ታች ጠቆሙኝ። ማርታ በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። «ከታች የተጀመረ ይቆማል፣ ከላይ የተጀመረ ይወርዳል እያለችሽ ነው» ብላ ተረጎመችልኝ። አንቺ ስትለኝ ደነገጥኩ፣ እሷም ደነገጠች፤ ቶሎ ወደ እርስዎ ተመለሰች።

ያኔ ጭቃ በእጄ እንደያዝኩ ይቅርታ ጠየቅኳት። በእኛ ጊዜ አስተማሪ ተማሪን ይቅርታ አይልም። እሷ ግን ይቅርታውን ትታ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ ሳያዩኝ እንዴት አወቁኝ?»

መስመርሽ ይናገራል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው የትም ብስል ያውቁኛል ማለት ነው።»

ባዶው ወረቀት ይህን ነበር ያዘለው። ቂም አልነበረም። ፍርሃት ነው፤ እኔን መፍራት። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ጋሽ ተሰማ ይህን ሲሰሙ በመጨረሻ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ያስፈራት ዓይንሽ ነው። ዓይንሽን አንሺላት» አሉኝ። ሁለታችን ተያይዘን ርዕሰ መምህሩ ጋ ገባን። ጋሽ ተሰማ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ያውቃሉ። ያ የኋላ ግድግዳ ብትከለክሉትም ይሳልበታል፣ እኔ በየመንፈቁ በነጻ ኖራ ልቀባ፣ እናንተ ደግሞ እስከዚያ ለልጆቹ ልቀቁላቸው አሏቸው። ርዕሰ መምህሩ ብዙ አሰቡ። እንግዲህ የእኔ አፍ እንዳይሳልበት ብለው ፈቀዱ።

ሕጉን እኔ አወጣሁ። ግድግዳው ላይ ስም አይጻፍም። ማርክ የሚሰጠው ለግድግዳው እንጂ ለልጅ አይደለም፤ ሁሉም እኩል ያገኛል። አስተማሪዋ ደግሞ አንድ እግሩ ባጠረ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ትቀመጣለች። ደወል እስኪደወል አትዞርም።

የመጀመሪያው ቀን ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ሹክሹክታ ነው፣ ሳቅ ነው፣ ከሰል ሲሰበር ይሰማኛል። መንገዱ ላይ ከብት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ይነዳል፤ ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው መሃል ከተማ ስለነበር ከብቱም አውሮፕላኑም ተራ ይጠባበቁ ነበር። አንገቴ ልዙር ልዙር ይለኛል። ብዙ ቆየ። ድንገት ከወገቤ በታች፣ ከመሬቱ ጥግ፣ የከሰል ጭረት ሰማሁ። ዝግ ብሎ ጀመረና እየወጣ፣ እየወጣ፣ ጆሮዬን አልፎ ከራሴ በላይ ሄደ። ማን እንደሆነች አወቅሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልዞርኩም። ከብቱን ስቆጥር ደወሉ ተደወለ።

እንዲህ ነው ያ የግድግዳ ክፍለ ጊዜ የተጀመረውና እስከ ጡረታዬ የዘለቀው። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ቅጹን ያወጣና «መምህርቷ ተማሪዎቿን አትመለከትም» ብሎ ይጽፍብኛል። እፈርምለታለሁ፤ እውነት ነዋ! ልጆቹ ርዕሰ መምህሩን መሣላቸውን አልተዉም። ሰውዬው አንድ ቀን መጥተው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ለረጅም ጊዜ አዩና «አሁንስ አፌን ቀንሳችሁልኛል» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወደድኳቸው።

ዓመታት አልፈው ከተማው ተለወጠ። ባጃጅ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ሜዳችን ላይ አውሮፕላን ማረፉ ቀረ። አንድ ወጣት ሠዓሊ ከአዲስ አበባ መጥቶ ለአስተማሪዎች ሥልጠና ሰጠን። ግራፊቲ ይባላል፣ የጎዳና ሥዕል ነው፣ ወጣቶችን በዚህ ማስተማር አዲስ ዘዴ ነው ብሎ ፎቶ አሳየን። እጄን አውጥቼ የእኛን ግድግዳ ነገርኩት። አላመነኝም፤ ወስጄ አሳየሁት። ከዚያ ወዲያ ለሦስት ቀን ከዚያ ግድግዳ አልተላቀቀም፤ ሲመለስ የሚረጭ ቀለም በቆርቆሮ ትቶልን ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ነፋስ ነበረና የጎረቤት ነጭ ፍየል ሰማያዊ ሆና ወደ ቤቷ ገባች። ባለቤቷ እየጎተታት መጥቶ እስኪያነባ ሳቀ። ልጆቹ ቆርቆሮውን ወደዱት፤ እኔ ግን ከሰል ይሻለኛል፤ ቆርቆሮ ከየት እንደጀመረ አይናገርም።

ጋሽ ተሰማ ይህን ሁሉ አላዩም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ታፔላ መጻፍ ትተው ዱካዬ አጠገብ መጥተው መንገዱን አብረውኝ ያዩ ነበር። ሊሞቱ ሰሞን ክራቸውን ሰጡኝ፤ ከሰሉ እስካሁን አለቀቀውም። ሲቀበሩ ከከተማው ታፔላ ሁሉ ሥር ማልቀስ አማረኝ። ድመት አንበሳው ብቻ እንኳ እስከ ቅርብ ጊዜ ነበር።

ማርታ ተምራ፣ ኮሌጅ ገብታ፣ ራሷ የሥዕል አስተማሪ ሆነች። ሌላ ወረዳ ስታስተምር ቆይታ በመጨረሻዎቹ ዓመቶቼ ወደ እኛው ትምህርት ቤት ተዛወረች። ከአንድ ቢሮ ተቀምጠን ምሳ እየተካፈልን ስለዚያ ስለ ድሮው ነገር አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። እሷ አላነሣችም፤ እኔም ያንን ምላሴን በዚህ ነገር ላይ ብቻ አሰርኩት።

ሰዓቱን የተሸለምኩ ቀን ንግግሩ አልቆ ከአዳራሹ ስንወጣ ልጆች ተሰብስበዋል። ለሽኝቱ ተብሎ በዚያው ሳምንት የተቀባው የቢሮው ነጭ ግድግዳ ላይ በከሰል ሥዕል ወጥቷል። ዱካ ላይ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራለች። ከማጅራቷ በላይ ግን፣ ነጠላውን ገለጥ አድርገው፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ወደኋላ ያያሉ። ዱካዋን እንኳ የዘነጋ የለም፤ አንድ እግሩ አጭር ነው።

አዲሱ ርዕሰ መምህር ወጣት ነው፤ የግድግዳው ቀለም ገና አዲስ ነበርና ተናደደ። ወደ እኔ ዞረ።

«መምህርት፣ እርስዎ እጅ ያውቃሉ ይባላል። ይሄ የማን ነው?»

ማርታ ከጎኔ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿን ጋዎኗ ኪስ ውስጥ ከትታለች። ጎንበስ አልኩ። ከሰሉ ጫማዬ ላይ ወፍሮ ጀምሯል፣ ሽቅብ እየሳሳ ሄዶ ዓይኖቹ ላይ አልቋል። ያን ሁሉ ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼ ስቀመጥ፣ ለካ ማርታ እጇን እንደማውቅ ታውቅ ነበር። አውቄ ዝም እንዳልኩም። ቀና አልኩ።

«አላውቅም» አልኩት። «የተሳልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ቅር አላለኝም። ክረምት እስኪገባ ተዉት።»

ርዕሰ መምህሩ ሳቀና ተወው። ማርታ ሊከብድብኝ ነው ብላ የሰዓቱን ካርቶን ከእጄ ተቀበለችና እስከ ቤቴ ተሸክማ አደረሰችልኝ። ስትሄድ ካርቶኑን አየሁት፤ ነጩ ላይ አምስት የከሰል ጣት በግራ፣ አምስት በቀኝ ቀርቷል። ሰዓቱን አውጥቼ ብፌው ላይ አስተኛሁት። ካርቶኑን ግን አንድ ሥዕል አውርጄ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ።